ሜዲካል ላይ አፍ አይከፈትም

ሙሚና የልጅ ልጇን ሙዓዝን አዝላ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የሚሄደውን ሚኒባስ ስትሳፈር ውሸቷን ከቤት አሰናድታ ነበር የወጣችው። ለልጇ ለሀውራ፣ «እህቴ ዙለይሃ ልጁን ገና አላየችውም። አሳይቻት፣ ጡት ሳያሰኘው እመልስልሻለሁ» አለቻት። ሀውራ ልቧ አልወደደውም፤ ግን ሙሚናን እምቢ ብሎ የረታ ማን አለ? የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ አንዴ በውሃ ቦይ ጉዳይ ግማሽ ቀን ተከራክሯት፣ ሲደክመው «እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ብሎ ነው ጥሏት የሄደው።

ዙለይሃ ሰበብ ነበረች። ሙሚና የሄደችው ልጁን ልታስመረምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሀውራ ሙዓዝን አርግዛ ጤና ጣቢያ የሄደች ጊዜ ደሟ ታየና ቫይረሱ አለብሽ ተባለች። ባሏ ጠሃ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱም ተመረመረ፣ እሱም ላይ ተገኘ። ማን ለማን እንዳስተላለፈው አላህ ይወቅ። ሙሚና ግን ለአላህ አልተወችውም። «ልጄ ሁለቴ ሳውዲ ሂዳ ሁለቴም ሜዲካል ያለፈች ናት! ያመጣኸው አንተ ነህ» ብላ አንድ ሰሞን ጠሃን ሰላምታ ነሳችው። ጠሃ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። «እሺ እማ፣ እኔ ነኝ» አለና መረቡን ተሸክሞ ወጣ። ባልና ሚስቱ መድኃኒቱን አብረው ጀመሩ። ከሦስቱ በቀር ከጎረቤትም ከዘመድም የሚያውቅ የለም።

ሙዓዝ ሲወለድ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ጸዳለ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል ሽሮፕ ሰጠች። «ከእናቱ ጡት በቀር ቅቤም ሆነ ውሃ በአፉ እንዳይገባ» ብላ አስጠነቀቀች። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ተረከዙን ወግታ፣ ደሙን ወፍራም ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ አድርጋ አደረቀችና ወደ ደሴ ላከችው። «ውጤቱ ሲመጣ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ሽሮፑ እንዳይቋረጥ» አለች።

ስልኩ አልጮኸም። ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ሀውራ በሄደች ቁጥር የምትሰማው «ገና አልመጣም» ነው።

ሙሚናን የጨረሳት ይሄ ጥበቃ ነበር። እሷ የምታውቀው ምርመራ ሌላ ነው። ያገሩ ልጅ ሁሉ ዓረብ አገር ሲሄድ የሚመረመረውን፣ ሜዲካል የሚሉትን ነው የምታውቀው። ሦስት ሴት ልጆቿን ይዛ ሂዳለች። ደም ይቀዳል፣ ደጅ ላይ ቁጭ ይባላል፣ ስም ይጠራል። ያለፈ ይስቃል፣ የወደቀ ነጠላውን ተከናንቦ ይወጣል። አለቀ። ደም አድርቆ ደሴ መላክ ምን የሚሉት ነገር ነው? «ልጁ ላይ አግኝተውበት፣ መንገሩን ፈርተው ነው» አለች በሆዷ። እንዲህ ካለች ደግሞ ማን ያስጥላታል።

ፍርሃቷ ለልጁ ብቻ ቢሆን በተሻላት። አንድ ቀን ሀውራ ለሙዓዝ ሽሮፑን እያጠጣች ሳለ ቀና ሳትል፣ «እማ፣ ይሄ ልጅ ላይ ካለ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ክኒኔን ሐይቁ ውስጥ ነው የምደፋው» ብላታለች። እያለቀሰች ብትለው ሙሚና የወላድ ነገር ነው ብላ በተወችው። ሀውራ ግን አላለቀሰችም። ያስፈራትም እሱ ነው።

ስለዚህ ቆረጠች፤ መጀመሪያ እኔ ልወቅ። ክፉ ከሆነ እኔ ሆድ ውስጥ ይቅር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ደግሞ የማያውቃት የለም፤ ክሊኒክ በር ላይ ሳለች አንዱ «ምነው ደህና?» ማለቱ አይቀርም። ውጫሌ ይሻላል።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ልጁን ገልጣ አየችውና፣ «ማሻአላህ! ምን የመሰለ ልጅ ነው! እናቱስ?» አለቻት።

«ቤት ናት።»

«ጡት የሚጠባ ልጅ ተእናቱ ለይተሽ የት ትወስጅዋለሽ?»

«የምወስደውማ አንቺ የማትጠይቂበት አገር ነበር» አለች ሙሚና። ረዳቱ ከት ብሎ ሳቀ። ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሙሚና ግን ሳቅም ቁጣም አልነበራትም፤ በጀርባዋ የልጁ ትንፋሽ ሲሞቃት፣ የእሷ እጆች በረዶ ሆነው ነበር።

ክሊኒኳ ገበያው አፋፍ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍል የሆነች ነች። የላብራቶሪው ባለሙያ ነጭ ካፖርቱ እጅጌው የረዘመበት ወጣት ነው።

«ምኑን ነው የሚያመው?»

«አያመውም።»

«ታዲያ ምኑ ይታይለት?»

«ያ ነዋ።»

«ያ የቱ?»

«ስሙን እንድጠራልህ ነው? ለሜዲካል የሚታየው ነዋ!»

«እንዴ፣ ይሄም ሳውዲ ሊሄድ ነው?» ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ሕፃን የሚመረመረው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ይውሰዱት።»

«ተዚህ ንቅንቅ አልልም።»

አላለችምም። በሩ አፍ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ መግቢያውን ዘጋችው። ሌላ በሽተኛ መግቢያ አጣ። ባለሙያው ዙሪያውን አይቶ ተነፈሰና ጓንቱን አጠለቀ።

«እሺ። እናቱስ ተመርምራ ታውቃለች? የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

ይሄን ጥያቄ ሙሚና ታውቀዋለች። ልጆቿን ዓረብ አገር የላከላት ደላላው ሀሚዱ፣ ሜዲካል በር ላይ አሰልፎ ያስጠናቸው የነበረው ትዝ አላት፤ «ሜዲካል ላይ አፍ አይከፈትም! ታማችሁ ነበር ወይ ቢሏችሁ፣ የለም። መድኃኒት ትውጣላችሁ ወይ ቢሏችሁ፣ የለም። ደማችሁ ይናገር፣ እናንተ ዝም በሉ።» በዚህ ቃል ስንት ሴት ባሕር ተሻግራለች።

«እናቱ ጤነኛ ናት» አለች። «ሁለቴ ሜዲካል ያለፈች ናት።»

ሙዓዝ ሲወጋ አንዴ ጮኸና ፊቷን እያየ ዝም አለ። ደሙ ጣት በምታህል ነጭ ፕላስቲክ ላይ ጠብ አለ። ሙሚና ሀውራ ስትመረመር አጠገቧ ነበረችና ምልክቱን ታውቃለች፤ አንድ መስመር ደህና ነው፣ ሁለት መስመር ክፉ ነው። አንዱ መስመር ቀላ። ተነፈሰች። አላህ፣ እዚሁ ላይ አቁመው። ከዚያ ከጎኑ ውሃ የነካው ቀለም የመሰለ፣ የሳሳ ነገር ብቅ አለ። ዓይኗ ነው እንዳትል እያየችው ደመቀ። መስመር ሆነ። ሁለት ሆኑ።

ባለሙያው ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ፣ ይረጋጉ። ይሄ ብቻውን የመጨረሻ አይደለም። እናቱን ይዘው —»

ሙሚና ልጁን እያዘለች ነው።

«ይስሙኝ እንጂ! የሕፃን ደም እኮ —»

በሩ ተወርውሮ ተዘጋ። ቀሪውን ለግድግዳው ነገረው።

ወደ ገበያው መካከል ገባች። ሰው ይገፋታል፣ ባጃጅ ይጮህባታል፣ በጀርባዋ ልጁ ረሃቡ ደርሶ ይንፈራገጣል። ጣቷን አጠባችው፤ ተፋው። ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እህት ዓለም፣ ልጁ እኮ ርቦት ነው» አለቻት ባለቤቷ። «እናቱ የት አለች?»

«የለችም» አለች ሙሚና። ምን ማለቷ እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

ሴትየዋ ፊቷ አዘነ፤ የሙት ልጅ መሰላት። የፈላ የላም ወተት አብርዳ በሻይ ማንኪያ አመጣች። ሙሚና የሲስተር ጸዳለ ቃል ትዝ አላት፤ ውሃም ቢሆን። ግን አሁን ምን ቀረ? ልጁ እየተንሰፈሰፈ ጠጣ። ጠጥቶ ተኛ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ በሽታው የሚመጣው ከጡት ነው፤ ላም በሽታ የለባትም። ምናልባት ጡቱን ባሳንስበት ከደሙ እየሳሳ ይወጣ ይሆናል። ሰው ሲሰምጥ የያዘው ሣር ዛፍ ይመስለዋል።

ሀውራ ጡቷ አግቶ፣ ቀሚሷ ርሶ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«አሳየሻት?»

«አሳየኋት።»

«ምን አለች?»

«አንቺን ይመስላል አለች።»

ሀውራ ደስ ብሏት ሳቀች። ሙሚና ልጁን ከጀርባዋ አወረደች። ሀውራ ልጁን ተቀብላ ጡት ስትሰጠው አፉን አዞረ። «ምነው አልጠባም አለ?»

«መንገድ አድክሞት ነዋ። አሁን ደግሞ በዚህ ልትጨነቂ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሚና ሰው መሆኗ ቀረ። ሀውራ የጠሃን ዓሣ ለመሸጥ አስፋልቱ ዳር በወጣች ቁጥር ከጎረቤቷ ከኢንሳፍ ወተት ትለምናለች፤ አፍልታ ለልጁ ታጠጣዋለች፤ ማንኪያውን አጥባ ትደብቃለች። ልጁ ሲያስነጥስ ልቧ ይዘላል፤ ሲተኛ አፍንጫው ሥር ጣቷን ታደርጋለች። ሀውራ ክኒኗን ልትውጥ ብልቃጡን ስታነሳ፣ ሙሚና ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ጆሮዋን ወደ ብልቃጡ ታቆማለች፤ ሲንኳኳ ትሰማለች፤ ሲዋጥ ትሰማለች፤ ከዚያ ነው የምትተነፍሰው። ሐይቁ ከደጃፋቸው ቁልቁል ይታያል። ተወልዳ ስታየው ኖራለች፤ አሁን ግን ወደዚያ ስትመለከት ውሃውም ታንኳውም አይታያት። ክኒን የሚደፋበት ጥልቅ ብቻ ነው የሚታያት። ክኒኑን ተከትሎም ሰው።

ሙዓዝ ተቅማጥ ያዘው። ሙሚና ጨርቁን ደጋግማ አጠበች። በሽታው ጀመረው፣ አለች በሆዷ።

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። ሀውራ አነሳችው። «አቤት ሲስተር! ... መጣ? ... አሁኑኑ፣ አሁኑኑ!»

«ዛሬማ አይሆንም» አለች ሙሚና። «ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«ሰማዩ እኮ ጠርቷል፣ እማ።»

«ወገቤን ይዞኛል።»

«አንቺ ቅሪ፣ እኔ ልሂድ።»

«ብቻሽንማ አትሄጂም!» ብላ ጮኸች። ሀውራ ደንግጣ አየቻት። እናቷ ትቆጣለች እንጂ እንዲህ ባለ ድምፅ ስትጮህ ሰምታት አታውቅም።

መንገዱን ሁሉ ሙሚና ከልጇ በስተ ሐይቁ በኩል ሆና ነው የተጓዘችው። እንደ አጥር።

ሲስተር ጸዳለ ገና በር ላይ ስታያቸው፣ «እትዬ ሙሚና፣ ዛሬስ ተማን ጋር ልትጣዪ መጣሽ?» አለች። የጸዳለ ቤተሰብ ከሐይቁ እስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ያረሰ ገበሬ ነው፤ ቀልዷ ያገር ቀልድ ነው። ሙሚና ግን አልመለሰችላትም። በሩን ዘግታ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች።

ጸዳለ ወደ ሀውራ ዞረች። «አብሽሪ። ልጅሽ ነጻ ነው።»

ሀውራ ልጁን እንደታቀፈች ተንበረከከችና ወለሉ ላይ ግንባሯን ደፋች። «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ከሲሚንቶው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ውሸት ነው» አለች ሙሚና።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«ምን አልሽ፣ እትዬ?»

«ውሸት ነው አልኩ! በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት መስመር ነው። አትሸንግሉን!» ካለች በኋላ ነው ምን እንዳወጣች የገባት። ተናግራ ጨርሳለች።

«የት ነው ያየሽው?» አለች ሀውራ በቀስታ። «እማ፣ የት ነው ያየሽው?»

ውጫሌ። ክሊኒክ። ዙለይሃ ሰበብ። ሙሚና ወለሉን እያየች አንድ በአንድ አወጣችው። ሀውራ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ልጄን ሰርቀሽ ወሰድሽው» አለች።

ጸዳለ ወንበር ስባ ሙሚናን አስቀመጠቻት። «ስሚኝ። ያየሽው እውነት ነው፤ የተረዳሽው ግን ስህተት ነው። ያቺ ቶሎ የምትነግር ምርመራ ሌባውን ራሱን አታይም፤ ዘበኛውን ነው የምታይ። የሀውራ ሰውነት ሌባ ሲገባበት ዘበኛ ቀጠረ። ሙዓዝ ሆዷ ውስጥ ሳለ ዘበኞቿ በደም ወደሱ ተሻገሩ። እናት እኮ ናት፣ ያላትን ታካፍላለች። ያቺ ምርመራ እልጁ ቤት ዘበኛ አይታ፣ ሌባ አለ አለች። ሌባው ግን አልገባም። የናቱ ዘበኞች ተደሙ እስኪጠፉ ዓመት ከመንፈቅ ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ያቺ ምርመራ ሕፃን ላይ አለ ብትል አትታመንም።»

«የደሴውስ?»

«የደሴው ሌባውን ራሱን ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው የዘገየው። ፈለገ፣ አላገኘም።»

ሙሚና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውጤት ወረቀት ትክ ብላ አየችው። የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ መፈታት ጀመረ።

«የውጫሌው ሰውዬስ ስለ እናቱ አልጠየቀሽም?» አለች ጸዳለ። «እናቱ መድኃኒት ላይ መሆኗን ቢያውቅ፣ ያ መስመር የናትየው ነው ይልሽ ነበር።»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ሁለቴ ሜዲካል ያለፈች ጤነኛ ናት አልኩት።»

ጸዳለ ራሷን ያዘች። «ሜዲካልም ቢሆን እኮ የሚናገረው ስለዚያን ጊዜ ደም ነው። ተዚያ ወዲህ ስላለው ምን ያውቃል?»

ሙሚና ጠሃን አሰበች፤ ሰላምታ የነሳችውን። ያ ሁሉ እርግጠኝነቷ ያንድ ጠዋት ደም ላይ የቆመ ነበር።

ጸዳለ ልጁን ተቀብላ ሚዛን ላይ አስተኛችው። ሚዛኑን አየች፤ ደግማ አየች። «ምነው ቀነሰ? ተቅማጥ አለው?»

«ሰሞኑን ትንሽ» አለች ሀውራ።

«ተጡት ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?»

«ምንም! ወላሂ ምንም። ውሃ እንኳ አልቀመሰም።»

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ነበር። ሀውራ ዓይኗ ገና እንባ እንዳቀረረ ፊቷ በርቷል፤ እንዲህ በርቶ ካየችው ስንት ጊዜዋ። ስለ ወተቱ የሚያውቅ የለም። ማንኪያው ታጥቧል። ኢንሳፍም ለቁርስ የወሰደችው ነው የሚመስላት። ዝም ብትል ዝም ሆኖ ይቀራል። ሜዲካል ላይ አፍ አይከፈትም። ደሙ ይናገር፣ አንቺ ዝም በይ። ሙሚና ከንፈሯን ገጠመች። ደሙማ ተናግሮ ነበር፣ ውጫሌ። እሷ ዝም ስላለች የተናገረውን የሚፈታው ጠፋ።

«ወተት» አለች።

«ምን?»

«የላም ወተት። እኔ ነኝ ያጠጣሁት። አንቺ ዓሣ ልትሸጪ ስትሄጂ።»

ከጸዳለ ፊት ቀልዱ ሁሉ ተገፎ ሄደ። «ጡትም እየጠባ?»

«እየጠባ።»

«እትዬ... እትዬ ሙሚና...» ቃል ፈለገች። «ያንድ ፍሬ ልጅ አንጀት ስስ ነው። የላም ወተት ያቆስለዋል። ጡቱ ውስጥ ጥቂትም ነገር ቢኖር በቁስሉ ይገባል። ተጡት በቀር ምንም ያልኩት እኮ ለዚህ ነው።» ወረቀቱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄ ወረቀት የሚያውቀው ተረከዙን የወጋሁ ለት ያለውን ነው። ወተቱ የመጣ ተዚያ ወዲህ ነው። እሱን አያውቅም።»

«እንግዲያው አሁን ውጊው!» ብላ ሙሚና ከወንበሩ ተነሳች። «አሁኑኑ ውጊውና ላኪው!»

«አሁን ብወጋው የሰሞኑን አያሳይም። ገብቶም ከሆነ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል። ሌባው ገና ሲገባ ድምፅ የለውም። ወተቱ ዛሬውኑ ይቁም። ሽሮፑ ይቀጥል። ተወር በኋላ አምጡት፣ እወጋዋለሁ።»

ሀውራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ይዞት ይሆን?»

«ክኒንሽን ሳታቋርጪ ወስደሻል፤ ባለፈው ስናየው ደምሽ ውስጥ ያለው በጣም ትንሽ ነበር። ስለዚህ ተስፋዬ ትልቅ ነው። ግን ልምልልሽ አልችልም።»

ሲመለሱ ሀውራ ልጁን ራሷ አዘለችው። ሙሚና ከኋላ ከኋላ ተከተለች። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ሙሚና ግን የፈራችውን ራሷ ነበር በማንኪያ ስትጠራው የከረመች።

ቤት ሲደርሱ ሀውራ ብልቃጧን ከሳጥን አወጣች። ልጁን ለጠሃ ሰጥታ ብልቃጡን በእጇ ጨብጣ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረደች። ሙሚና ነጠላዋ ሲወድቅ አላነሳችውም። ደንገሉን እየገነጠለች ሮጠች። ጸሐይዋ ልትጠልቅ ውሃው ላይ ቀይ ሆና ተኝታለች። ሀውራ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

«ሀውራ! በነቢ ይዤሻለሁ! እኔን ግፊኝ ውስጡ፣ እኔን!»

ሀውራ አልዞረችም። «አትጩሂ እማ። ታንኳ ላይ ያሉት ይሰማሉ።»

«አትድፊው።»

«አልደፋውም።» አንድ ክኒን መዳፏ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ውሃ ቀዳች፤ ዋጠች። «ልጄ ላይ ካለ እደፋዋለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን በልጄና በዚያ ነገር መካከል የቆመው ይሄ ብቻ ነው። አንቺ በር ከፈትሽ፤ እኔ በዚህ እዘጋለሁ።» ከዚያ ዞራ አየቻት። «ለምን ዝም አልሽ? ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ አልፈራም?»

ሙሚና ያን ቀን ማታ ለጠሃ እራት ስታቀርብ፣ «ጠሃ፣ ልጄ፣ አፉ በለኝ። አንተ ነህ ያመጣኸው ያልኩህ ሳላውቅ ነው» አለችው። ጠሃ እንጀራውን እንደያዘ ጥቂት አሰበ። «እኔም አላውቅም፣ እማ» አለና ጎረሰ።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ሙሚናን የሚጠይቃት ባይኖር ይሻላል። ሀውራ ልጁን አትከለክላትም፤ ግን አትሰጣትምም። ዓሣ ልትሸጥ ስትሄድ አዝላው ትሄዳለች። ሙሚና እጇ ባዶ ሆኖ ቤቱን ትዞራለች። ተቅማጡ ቆመ፤ አላመነችም። ጉንጩ ሞላ፤ አላመነችም። ደህና መምሰሉ ራሱ ያስፈራት ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሌባ።

ሊወጋ የተቀጠረበት ለት ጸዳለ መርፌዋን ስታዘጋጅ ሀውራ ልጁን ከጀርባዋ ፈታችና ሳይታሰብ ለእናቷ ዘረጋችላት። «ያዢው። እኔ ማየት አልችልም።»

ሙሚና ተረከዙን ያዘች። ጸዳለ ምንም ሳትጠይቃት፣ «እናቱ ክኒን ላይ ናት። ሽሮፑን ይጠጣል። የላም ወተት ጠጥቶ ነበር፤ ተጡት ጋር አቀላቅዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁን አቁሟል» አለች፤ ጸዳለ ሁሉንም እያወቀችው።

«ሰማሁሽ እትዬ» አለች ጸዳለ፣ ሳትስቅባት።

ደሙ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ደረቀ። ሄደ። ደግሞ ጥበቃ።

ስልኩ የጮኸው ሀውራ ሐይቁ ዳር ከጠሃ ጋር ዓሣ ስትለቅም ነው። ሙዓዝ ቤት ነበር፤ አያቱ ጀርባ ላይ። ሀውራ ስልኩን ትታው ሂዳለች፤ ረስታውም ይሁን ፈርታው። ሙሚና ጣቷ አረንጓዴውን አልነካ ብሎ ሦስቴ አዳልጧት አነሳችው።

«ሲስተር። ሳትነግሪኝ በፊት፤ የየትኛው ቀን ደም ነው?»

«ተወተቱ በኋላ የተወጋው ነው፣ እትዬ። ነጻ ነው።»

«ዘበኛውን ነው ያየ ወይስ ሌባውን?»

ጸዳለ አሁን ሳቀች። «ሌባውን። የለም። ግን ስሚ፣ እየጠባ ስለሆነ ይሄ የመጨረሻው አይደለም። ዘጠኝ ወር ሲሆነው ደግመን እናየዋለን። ጡት ሲተው ደግሞ ቆይተን እናየዋለን። ያኔ ነው የምንዘጋው።»

«እናመጣዋለን» አለች ሙሚና። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ግን እንዳይታይ የምትደብቀው ነገር አልነበረም አሁን።

ቁልቁለቱን ወረደች። ታንኳዎቹ ዙሪያ ሰው ሞልቷል፤ መጮህ አይቻልም። ሀውራ እናቷ ስትመጣ ከሩቅ አየቻት። እጇ ላይ የያዘችው አምባዛ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ሙሚና ደህና መሆኑን በፊቷ ልትነግራት ሞከረች፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ተኮሳትሮ የኖረ ፊት በአንድ ቀን ፈገግታ አይማርም፤ ጠመመባት። ሀውራ ይሄን ጠማማ ፊት አይታ አፏን በእጇ ያዘች፤ ክፉ ወሬ መሰላት።

ሙሚና ይሄን ስታይ ቆመች። የአንቀልባውን ጠፍር ፈታች። ሙዓዝን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሐይቁን ሁሉ እንዲያይ፣ ሐይቁም እንዲያየው፣ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ አነሳችው።